የአስቤዛ ወጪ፦ ርካሹን እየመረጥን ለምን አልቀነሰም?

የጓዳ ሒሳብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ የ4 ሰው ነው፣ 2 አዋቂና 2 ልጆች፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይበሰላል። ያለው ዕቃ ባለ ሁለት ምድጃ ስቶቭ፣ መካከለኛ ፍሪጅ ከትንሽ ፍሪዘር ጋር፣ አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ መካከለኛ ድስትና መጥበሻ ነው። ኦቨን የለም። ጥራጥሬና ሩዝ በጅምላ፣ አትክልት በሳምንት አንዴ ይገዛል፤ ዋጋም ይወዳደራል። ወጪው ግን አልወርድ ብሏል።

«ውጭ አትብሉ፣ ሥጋ ቀንሱ» የሚለውን ምክር ዝለሉልኝ፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። በቁጥር የሚነገር ነገር ነው የምፈልገው። አንድ ዕቃ እውነትም ርካሽ መሆኑ በምን ይለካል? ደረቅ ቦሎቄና ሽምብራ ሦስት ሰዓት ተቀቅሎም ልቡ የማይበስለው ለምንድን ነው? ቅጠላ ቅጠልና ካሮት ሳምንቱን እንዲዘልቅ ምን ይደረጋል? ደግሞስ በብዛት አብስሎ ማስቀመጥ ያዋጣል ወይስ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው መጣያ ነው?

ሚዛን ያዥ

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ፣ ሌሎቹም እሱን ይከተላሉ። ሱቁ የሚለጥፈው የምትገዢውን ኪሎ ዋጋ ነው፤ አንቺን የሚመለከትሽ ሳህን ላይ የሚደርሰው ኪሎ ነው። ሒሳቡ አንድ መስመር ነው፦ የኪሎውን ዋጋ ለሚበላው ድርሻ ማካፈል።

ዶሮን እንውሰድ። 1.5 ኪሎ የሚመዝን ጥሬ ሙሉ ዶሮ በስሎ አጥንትና ቆዳው ሲወጣ ከ600 እስከ 700 ግራም ሥጋ ቢሰጥ ነው፤ 43 በመቶ ብለሽ ያዢው። አጥንት የሌለው ጥሬ ሥጋ ደግሞ ሲበስል ሩቡን ያህል በውሃ መልክ ያጣል፣ የሚቀረው 75 በመቶ ነው። ሙሉ ዶሮ በኪሎ 100 ቢሸጥ የበሰለው ሥጋ ኪሎ 232 ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ አጥንት የሌለው በኪሎ 174 ከሆነ እኩል ናቸው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉውን ግዢ፤ ከዚያ በታች ከሆነ «ሙሉ ዶሮ ሁልጊዜ ይረክሳል» የሚለውን አትስሚ። የአጥንቱን መረቅ የምትጠቀሚበት ከሆነ ብቻ ሚዛኑ ትንሽ ወደ ሙሉው ያደላል።

የታሸገ ጥራጥሬም እንዲሁ ነው። 400 ግራም የሚለው ጣሳ ውሃው ሲጠነፈፍ 240 ግራም ገደማ ነው የሚቀረው። 100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ሲቀቀልም ወደ 240 ግራም ይሆናል። ስለዚህ የአንዱን ጣሳ ዋጋ ማወዳደር ያለብሽ ከ100 ግራም ደረቅ ጋር ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ጋር አይደለም። ከነቆቡ የሚሸጥ አተር ከኪሎው 400 ግራም ያህል ብቻ ነው የሚበላው። ድንች በቢላ በወፍራሙ ከተላጠ ሩቡ ሊሄድ ይችላል፤ በመላጫ ከሆነ ከ10 እስከ 15 በመቶ። የመላጫው ዋጋ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል።

ጅምላ ላይ ማወቅ ያለብሽ አንድ ነገር አለ። በ20 በመቶ ቅናሽ ከገዛሽው ላይ አንድ አምስተኛው ከነቀዘ ወይም ከሻገተ፣ የበላሽው ኪሎ በትክክል በችርቻሮ ዋጋ ነው የመጣው። ቦታ መያዙና ገንዘብ ማሰሩ ሲታከል ኪሳራ ነው። በጅምላ የሚገዛው በ3 ወር ውስጥ የሚያልቅና የማይበላሽ ብቻ ይሁን።

ዘይት ደግሞ ማንም የማይቆጥረው ወጪ ነው። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከጠርሙሱ በግምት ሲንቆረቆር 4 ማንኪያ ይሄዳል፤ ለአብዛኛው ወጥ 2 ይበቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚበሰልበት ቤት ልዩነቱ በቀን 60 ሚሊ፣ በወር 1.8 ሊትር ነው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በ3 ማንኪያ ውሃና በቁንጥር ጨው ከድነሽ አብስዪው፤ ውሃው ሲመጥ ዘይቱን ጨምረሽ አቁላዪ። ሽንኩርት ብዙ ዘይት የሚፈልግ የሚመስለው በደረቁ ስለሚጀመርና ድስቱ ስር ስለሚይዝ ነው።

ሌላው ቀላል ነገር፦ መጣያው አጠገብ ወረቀት ለጥፊና ለ2 ሳምንት የተጣለውን ከነምክንያቱ ጻፊ። «ቲማቲም፣ 3፣ ተረስቶ» በቃ። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ብቻ ናቸው ደጋግመው የሚመጡት። እነሱን በግማሽ መግዛት ከዋጋ ክርክር የበለጠ ያተርፋል።

ጥራጥሬ ነኝ

ልቡ የማይበስል ጥራጥሬ። እዚህ ላይ ሰው የሚወቅሰው ጨውን ነው፤ ጨው ግን ንጹሕ ነው። ጥፋተኞቹ ሌሎች ናቸው።

አንደኛው እርጅና ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ብዙ ወራት የቆየ ቦሎቄ ውስጡ ስለሚለወጥ ቢቀቀልም አይላላም። በዓይን አይለይም። ስለዚህ ከአንድ ጆንያ 10 ኪሎ ከመግዛትሽ በፊት ሩብ ኪሎ ግዢ፣ 50 ፍሬ ቆጥረሽ ለ12 ሰዓት ዘፍዝፊ። ከ50ው ውስጥ አምስትና ስድስቱ ሳያብጡ እንደ ነበሩ ከቀሩ ያንን ጆንያ እለፊው።

ሁለተኛው ኮምጣጣ ነገር ነው፦ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ። አሲድ የፍሬውን ግድግዳ የሚያያይዘውን ነገር እንዳይሟሟ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቲማቲም ውስጥ የገባ ግማሽ ጥሬ ቦሎቄ ከዚያ ወዲያ ቢቀቀልም ብዙ ፈቀቅ አይልም። እነዚህ የሚገቡት ፍሬው ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ነው። ሦስተኛው ካልሲየም የበዛበት ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያሽ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚያወጣ ከሆነ ውሃሽ እንደዚያ ነው። አራተኛው ከፍታ ነው። በ2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ብታነጂውም ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ቶሎ ይተናል እንጂ። በዚህ ከፍታ ከባሕር ጠለል አጠገብ በ90 ደቂቃ የሚበስል ሽምብራ ሁለት ሰዓት ተኩልም ሊፈጅ ይችላል።

አሠራሩ ይኸው። ለ500 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ወይም ሽምብራ 2 ሊትር ውሃና 2 የሾርባ ማንኪያ (30 ግራም ገደማ) ጨው፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፍዘፍ። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በቆዳው ላይ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ቦታ ይይዛል፤ ቆዳው የሚለሰልሰው፣ ሳይፈነዳም እኩል የሚበስለው በዚህ ነው። ቤቱ ሞቃት ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ አለበለዚያ መቡካት ይጀምርና ይሸታል። ሲነጋ ድፊው፣ እጠቢው፣ በአዲስ ውሃ ጣጂው፤ ውሃው ከፍሬው በላይ 4 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሲፈላ አረፋውን ግፈፊ፣ እሳቱን ቀንሺ፣ ድስቱን ገርበብ አድርገሽ ክደኚ። ውሃ ሲያንስ የምትጨምሪው የፈላ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ፍላቱ ተቋርጦ ነዳጅ በከንቱ ይሄዳል።

መብሰሉን በአንድ ፍሬ አትፍረጂ። ከድስቱ የተለያየ ቦታ 5 ፍሬ አውጪ፤ አምስቱም በምላስና በላንቃ መካከል ያለ ጥርስ መድቀቅ አለባቸው። አራቱ ደቀው አንዱ እንቢ ካለ አልበሰለም፣ ሌላ 15 ደቂቃ ይቆይ።

ከ2 ሰዓት በኋላም እንቢ ካለ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ለ500 ግራም ጨምሪ። ከዚያ ካለፈ የሳሙና ጣዕም ያመጣል፣ ቆዳውም ይገፈፍና ሾርባ ይሆናል። ማታ መዘፍዘፍ ለረሳ ደግሞ፦ ጥሬውን 2 ደቂቃ አፍልቶ፣ ከድኖ፣ ከእሳት አውርዶ 1 ሰዓት ማስቀመጥ የሌሊቱን ያህል ባይሆንም ያግዛል።

ቀይ ቦሎቄ የሚባለው ኩላሊት የሚመስለው ትልቁ ፍሬ ለብቻው ይታይ። ጥሬው ሆድን ክፉኛ የሚያውክ ሌክቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ ፍል ፍል እያለ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ይልቁንም 30 ደቂቃ ይፍላ። ሳይፈላ ለብ ባለ ሙቀት ቀስ ብሎ እንዲበስል የተተወ ከጥሬውም ሊብስ ይችላል። ኤሌክትሪክ ላይ ቀስ እያለ በሚያበስል ድስት ጥሬውን እንዳታስገቢ።

ምስር ክክ መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ያልተከካ ምስር ከ25 እስከ 35።

የጓዳ ሒሳብ

እግዜር ይስጥልኝ። ያለንበት ከፍታ ቦታ ነው፣ አሁን ገባኝ። እንግዲያው ፕሬዠር ድስት መግዛት ያዋጣል?

ጥራጥሬ ነኝ

ጥራጥሬ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚቀቀልበት ቤት፣ በከፍታ ላይ ደግሞ፣ ከሁሉም ዕቃ በፊት እሱን ነው የምመክረው። ውስጡ ወደ 115 ዲግሪ ስለሚደርስ ከፍታው ብዙ አያስቸግረውም። የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ግፊት ከያዘ በኋላ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ ሽምብራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፤ ከፍታ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታከል።

ሦስት ነገር ይጠበቅ። ጥራጥሬ ስለሚያብጥና አረፋ ስለሚያወጣ ከነውሃው ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ አረፋው ቫልቩን (የእንፋሎት መውጫውን) ከደፈነ አደጋ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አረፋውን ይቀንሰዋል። እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ ግፊቱ በራሱ ይውረድ፣ በግድ ካስተነፈስሽው ፍሬው ይፈነዳል። ጎማው የተሰነጠቀ ያገለገለ ድስት በርካሽ አገኘሁ ብለሽ አትግዢ፤ ጎማው ለብቻው ተቀያሪ መሆኑንና መገኘቱን አስቀድመሽ ጠይቂ።

500 ግራም ሲቀቀል 1.2 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። በ240 ግራም ከከፈልሽው 5 ጣሳ ማለት ነው። ከተቀቀለበት ውሃ ትንሽ ጨምረሽ በላስቲክ ፍሪዘር አስገቢው፣ ያለ ውሃ ከገባ ቆዳው ይደርቃል።

ፍሪጅ ጠባቂ

የቅጠላ ቅጠል ነገር። የሚያጠፉት ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ናቸው፤ ከውስጡ ውሃ ሲወጣ ይጠወልጋል፣ ከላዩ ውሃ ሲቆም ይበሰብሳል። እርጥቡን ቅጠል በፌስታል ቋጥሮ ፍሪጅ መወርወር ሁለተኛውን ይጋብዛል። ከገበያ ሲመጣ አይታጠብ። የበሰበሰውንና የላመውን ቅጠል አንድ በአንድ ለቅመሽ አውጪ፣ አንድ የላመ ቅጠል ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳልና። ቀሪውን በደረቅ ጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልለሽ፣ አፉ ባልተቋጠረ ላስቲክ አድርገሽ ከታች መሳቢያው ውስጥ አስቀምጪ። ጨርቁ ሲረጥብ ቀይሪው። የጠወለገ ግን ያልላመ ቅጠል በቀዝቃዛ ውሃ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢነከር ይነሳል፤ ለመጣል አትቸኩዪ።

ካሮት ቅጠሉ ከተተወበት ውሃውን እየሳበ ያለሰልሰዋል፤ ዕለቱን ቆርጠሽ ጣዪለት፣ ከዚያ በላስቲክ ተዘግቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ጥቅል ጎመን በቢላ ለሁለት ከተገመሰ የተቆረጠው ገጽ ይጠቁራል፤ ሙሉውን ትተሽ ከውጭ በኩል ቅጠል ቅጠሉን እየገነጠልሽ ተጠቀሚ፣ ሳምንታት ይሄዳል። ድንችና ሽንኩርት ጨለማና ነፋሻ ቦታ ይፈልጋሉ፣ ግን ተለያይተው። ድንች ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ሲጠበስ ቶሎ ይጠቁራል፣ ይጣፍጣልም። አረንጓዴ የሆነው ክፍል በወፍራሙ ይቆረጥ፤ ብዙው ከአረነጓደ ወይም ከመረረ ይጣል፣ መርዙ በመቀቀል አይጠፋም። ሙዝ፣ ፖምና የበሰለ ቲማቲም የሚያወጡት ኤትሊን የሚባል ጋዝ ሌላውን ቶሎ ስለሚያስረጅ ከቅጠል ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አይዋሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። የገበያው ቀንና የማግስቱ ድስት የቅጠል ይሁን፤ ከዚያ ቲማቲም፣ ፎሶሊያና ቃሪያ፤ የሳምንቱ መጨረሻ ለካሮት፣ ለጥቅል ጎመንና ለድንች ይተው። ብዙ ሰው «ካሮት አለ» ብሎ ካሮቱን ሰኞ ያበስላል፣ ቅጠሉ ዓርብ ሲታወስ አልቆለታል።

ቅጠል በርካሽ ሲገኝ ለፍሪዘር፦ በሚንተከተክ ውሃ 2 ደቂቃ (ፎሶሊያ 3፣ የተከተፈ ካሮት 2)፣ ከዚያ ወዲያው በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ለዚያው ያህል ጊዜ፣ ጨምቆ ማውጣት፣ የአንድ ድስት የአንድ ድስቱን በላስቲክ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ጠፍጥፎ ማስተኛት። በፈላ ውሃ ካላለፈ በቅጠሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ቅዝቃዜው ውስጥም ሥራቸውን ስለማያቆሙ በሁለት ወር ውስጥ ቀለሙ ይጠፋል፣ ገለባ ገለባ ይላል። ትንሽ ፍሪዘር በአንድ ቀን ብዙ አይጫንበትም፤ ለ30 ሊትር ቦታ 1 ኪሎ አካባቢ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ቀስ ብሎ ይበርዳል፣ የነበረውንም ያቀልጠዋል።

ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ከውጭው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ቆራርጠሽ ፍሪዘር አስገቢው፣ የምትፈልጊውን ቁራጭ ብቻ አውጥተሽ በደረቅ መጥበሻ አሙቂ።

በጅምላ ለመጣ እህል፦ የነቀዙ እንቁላል ከገበያው ነው ተሸክሞት የሚመጣው። በትንንሽ ላስቲክ ተራ በተራ 4 ቀን በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቆይ። ስታወጪው ላስቲኩን ሳትከፍቺ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቂ፤ በቀዝቃዛነቱ ከተከፈተ አየሩ ያረጥበውና በነቀዝ ፈንታ ሻጋታ ይመጣል።

ክዳን አንሺ

በብዛት ማብሰልን በተመለከተ ከብዙዎቹ ጋር አልስማማም። ያለቀለትን ወጥ ለ5 ቀን አብስሎ ማስቀመጥ አያዋጣም። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ በአራተኛው ይደፋል። የሚያዋጣው ግማሽ መንገድ የሄደ ነገር ማስቀመጥ ነው፦ የተቀቀለ ጥራጥሬ፣ የተቁላላ ሽንኩርት፣ የአጥንት መረቅ። አንዱ ቦሎቄ ሰኞ ሾርባ፣ ረቡዕ ከሩዝ ጋር፣ ዓርብ ተፈጭቶ ዳቦ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ነገር አቀዛቀዙ ነው። ብዙ ምግብ የሚበላሸው ፍሪጅ ውስጥ ሳይሆን ፍሪጅ ከመግባቱ በፊት ነው። አንድ ድስት ሙሉ ትኩስ ወጥ ማዕከሉ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ሰፊ ዕቃ አከፋፍይው፣ ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠሽ አማስይው፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የበሰለ ነገር 3 ቢበዛ 4 ቀን ነው ዕድሜው። ከዚያ ወዲያ የማይበላበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ፤ የተበሰለበትን ቀን መጻፍ ሒሳብ ያስቆጥራል፣ ማንም አያሰላውም።

ሩዝ ላይ ጠንቀቅ በዪ። ባሲለስ ሴረስ የሚባለው ተህዋስ ዘሩ መቀቀሉን ይቋቋማል፤ ሩዙ ለብ ብሎ ካደረ ተህዋሱ ይራባና መርዝ ይለቃል፣ ያን መርዝ ደግሞ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ ምድጃ ላይ ያደረ ሩዝ «በደንብ አሞቀዋለሁ» ተብሎ አይበላም። ወዲያው ቀዝቅዞ ፍሪጅ የገባ በማግስቱ ይለቅ፤ የሚተርፍ ከሆነ ፍሪዘር ይግባ።

የሰኞ ድስት

እኔ መጠን ልስጥ፣ ሌላውን ከላይ ብላችሁታል።

የምስር ክክ ሾርባ ለ4 ሰው፦ 250 ግራም ምስር ክክ፣ 2 ሽንኩርት፣ 1 ትልቅ ካሮት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 ሙሉ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 1.25 ሊትር የፈላ ውሃ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው። ሽንኩርቱ ሚዛን ያዥ እንዳለው በውሃ ይጀመርና በዘይት ይቁላላ። ከዚያ ድልሁን ብቻውን ከሽንኩርቱ ጋር ለ2 ደቂቃ አማስዪው፣ ቀይነቱ ወደ ጡብ መልክ እስኪጠቁርና ዘይቱ ከዳር መውጣት እስኪጀምር። ሥጋ የሌለው ወጥ ውሃ ውሃ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህች ደረጃ ስትዘለል ነው፤ ጥሬ ድልህ ውሃ ውስጥ ከገባ ኮምጣጣ ቀለም ብቻ ይሆናል። ድልህ ኮምጣጣ አይደለም ወይ የምትሉ፣ አንድ ማንኪያ በዚህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ለክክ ችግር አይፈጥርም፣ ቆዳ የለውምና። ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ምስር፣ ውሃ፤ 20 ደቂቃ። ሎሚ ካለ እሳቱ ከጠፋ በኋላ። 250 ግራም ደረቅ ምስር 60 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ለአንድ ሰው 15 ግራም፤ ይህ የሁለት እንቁላል ተኩል ያህል ነው። ዳቦ ወይም ሩዝ ሲታከልበት ሙሉ ምግብ ነው።

የተፈጨ ሥጋ ማብዛት፦ 250 ግራም ሥጋ ላይ 150 ግራም ደረቅ ያልተከካ ምስር ተቀቅሎ ሲጨመር 600 ግራም ገደማ ይሆናል። ምስሩ ከመፈረካከሱ በፊት ይውጣ፣ በወንፊት በደንብ ይጠንፈፍ። ሥጋው መጀመሪያ ብቻውን በጋለ መጥበሻ እስኪጠቁር ይጠበስ። ሁለቱ አብረው ከገቡ የምስሩ ውሃ ሥጋውን ይቀቅለዋል፣ የጥብስ ሽታው አይመጣም፣ ልጆቹም ወዲያው ይለዩታል።

1.5 ኪሎ ዶሮ ለሦስት ቀን ድስት፦ ጭኖቹና ቅልጥሞቹ አንድ ወጥ። ፈረሰኛው በሚንፈቀፈቅ (በማይንተከተክ) ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ተበጣጥሶ ከሩዝና ከአትክልት ጋር። አጥንቱ፣ ክንፉ፣ የካሮት ጫፍና የሽንኩርት ግንጥል 2 ሊትር ውሃ ውስጥ በለዘብታ እሳት ሁለት ሰዓት፣ ይህ መረቅ ነው። ጨው አይግባበት፣ ኋላ ሲመጥ ይበዛልና። የጥቅል ጎመን ቅጠልና ግንድ አይጨመር፣ ሽታው መረቁን ይይዘዋል። በሦስተኛው ቀን የተቀቀለው ቦሎቄ በዚህ መረቅ ይሠራል፤ ሥጋ ባይኖረውም የዶሮ ወጥ ይሸታል።

የጓዳ ሒሳብ

ይህን ሁሉ ጻፍኩት። አንድ የቀረችኝ ነዳጅ ነው። ሁለት ሰዓት የሚበስል መረቅ ጋዙን ቢበላው ቁጠባው የት አለ?

ሚዛን ያዥ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔ መረቁን ለብቻው አልጥድም። አጥንቱ ፍሪዘር ውስጥ የሁለት ዶሮ እስኪሆን ይጠራቀም፣ ፕሬዠር ውስጥ ከገባ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ፕሬዠር ከሌለ ክዳን ያለው ድስትና ትንሹ ምድጃ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ቢንተከተክም ቢንፈቀፈቅም ሙቀቱ ያው ነው፤ ከዚያ በላይ የሚነደው እሳት እንፋሎት ብቻ ነው የሚያመርተው። ነበልባሉ ከድስቱ ቂጥ ወጥቶ በጎን የሚልስ ከሆነ ወጥ ቤቱን ነው የምታሞቂው።

ፓስታ 2 ደቂቃ ብቻ አፍይው፣ አንዴ አማስይ፣ ክደኚ፣ እሳቱን አጥፊ። በማሸጊያው ከተጻፈው ደቂቃ ላይ አንድ ሁለት ጨምረሽ ክፈቺው። ስስ ድስት ከሆነ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አይሆንም።

ክዳን አንሺ

በብርድ ልብስ መጠቅለልም ይሠራል። ሩዝ ከሆነ 5 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ክዳኑ ሳይከፈት በወፍራም ብርድ ልብስ ዙሪያውን፣ ከታችም ከላይም ተጠቅልሎ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። የተዘፈዘፈ ሽምብራ 20 ደቂቃ ፈልቶ 3 ሰዓት ይጠቀለልና፣ ሲከፈት ካልበሰለ እንደገና ይፈላና ይጠቀለላል። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሙሉ ካልሆነ ሙቀቱን አይዝም። ሲከፈት ምግቡ እጅ የማያስነካ ትኩስ (ከ60 ዲግሪ በላይ) መሆን አለበት፤ ለብ ብሎ ካገኘሽው አፍልተሽ ወዲያው ብዪው እንጂ እንዲያድር አትተዪው። ቀይ ቦሎቄ በዚህ መንገድ የሚሠራው ከላይ የተባለውን 30 ደቂቃ ሙሉ ፈልቶ ከሆነ ብቻ ነው። ብርድ ልብሱን ደግሞ እሳቱ ጠፍቶ፣ ድስቱ ከምድጃው ወርዶ እንጂ ምድጃው ላይ እንዳለ እንዳትጠቀልዪ።